ክለቡ ቫልዲርን የለቀቀው ዕለት

ስሎተርቫርት፣ አምስተርዳም፣ መጋቢት 1984

ልጄ ሰገነት፣ ኪዳነ ምሕረት አንቺንና ጨቅላዋን በብራዚል ሙቀት ጥላ ትሁናችሁ። እኛ ደህና ነን። (እማዬ እየነገረችኝ የምጽፈው እኔ ወንድምሽ ማንደፍሮ ነኝ፤ «ደህና ነን» ያለችው እንባዋን እየጠረገች ነው።)

ባልሽ ቫልዲር ከሮተርዳም መጥቶ፣ አንቺ ባስተማርሽው አማርኛ «እማማ፣ ክለቡ ለቀቀኝ» ሲለኝ እልልታዬን አቀለጥኩት። በእኛ አገር የሚለቀቅ እስረኛ ነው፤ ኳስ ተጫዋች ሲባረርም እንደዚያ እንደሚባል በምን ልወቅ? (ላይ ቤት ያለችው ሆላንዳዊት ሴትዮ ፖሊስ ልትጠራ ነበር!)

ከፋሲካ በኋላ አንድ የዴን ሃግ ክለብ ሊሞክረው ነው። ጉልበቱ ግን አብጦ ዳቦ አክሏል። «ተከላካይ ጉልበቱ ከታወቀበት አለቀለት» እያለ በመርፌ አደንዝዞ ይሮጣል። ሐኪም እንዲህ ከቀጠለ ትሽመደመዳለህ ብሎታል። «ለሰገነት እንዳትነግሪ፣ በማርያም ማይልኝ» ቢለኝ ማልኩለት። (አንቱታውን አላስተማርሽውም እንዴ?)

እኔ መሐላዬን ጠብቄያለሁ፤ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። የጻፈው ማንደፍሮ ነው። (ይኸው! ኃጢአቱ ለእኔ ተረፈ።)

ልጄ፣ ቶሎ ደውዪና ኳሱን ተወው በዪው። እንጀራ አይጠፋም። እግዚአብሔር ለልጅሽ በሁለት እግሩ ቆሞ የሚያቅፋት አባት ያቆይላት።

እናትሽ አበባይሽ