የበላን ካውያው አይደለም

ውድ አባዬ፣

እህቴ ቤት እንደተመቸህ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ይህን ስታነብ ግን መቆጣትህ አይቀርም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቁጭ በል። ለጄኔሬተር መግዣ ብለህ እኔ ዘንድ ያስቀመጥከውን ገንዘብ አጥፍቼዋለሁ። ሳላስፈቅድህ ነው፤ ደግሞም አልጸጸትም።

ስትሄድ ያልከውን አልረሳሁም። «መብራቱን የምትበላብን ይቺ ልብስ ሰፊ ናት። ካውያዋ ቀኑን ሙሉ አይነቀልም። ስመለስ እንዳላገኛት!» ብለህ ፊቷ ላይ ተናገርክ። እሷም ገብታ ስፌቷን ቀጠለች። ደንበኞቿ ሁሉ እዚሁ ሰፈር ናቸው። ከዚህ ከወጣች ሥራዋም እዚሁ ይቀራል፤ ልጇን ይዛ የት ትወድቃለች ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ሂሳባችን ለምን እንደሚበዛ ልጠይቅ መብራት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሂሳብ ሠራተኛዋ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በዚህ ቆጣሪ ስንት ቤት ነው የሚጠቀመው?»

«ሦስት። እኛና ሁለቱ ተከራዮቻችን፣ ልብስ ሰፊዋና ሹፌሩ።»

«እንግዲያው ምን ይገርምሻል!» አለችኝ። ታሪፉ በእርከን ነው አባዬ። ጥቂት የተጠቀመ በርካሽ ይከፍላል፤ አጠቃቀሙ እየጨመረ ሲሄድ ዋጋውም ከፍ ይላል። እኛ ሦስታችን ተደምረን እንደ አንድ ትልቅ ቤት ስለምንቆጠር ወሩ ሳይጋመስ ውዱ እርከን ላይ እንወጣለን። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ለካ በዚህ ነበር!

ገንዘቡ ለየቤቱ የግል ቆጣሪ ማስገቢያ ሆነ። አሁን ግቢውን ብታየው አታውቀውም። ድሮ ሂሳቡ ለሦስት ሲካፈል ማን ቆጥቦ ማን ይጠቀማል? ዛሬ ያ ሹፌራችን እንኳ፣ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ምድጃውን ሰክቶ የሚረሳው ሰውዬ፣ ፔርሙዝ ገዛ! ልብስ ሰፊዋም የሚተኮሰውን አጠራቅማ በአንዴ ትተኩሳለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የየቤቱ ሂሳብ ለየብቻ ሲመጣ የበለጠው የማን ይመስልሃል? የእኛ! «ማብራት ማጥፋት ያበላሸዋል» እያልክ ሌት ተቀን እንደበራ የምትተወው ቦይለርህ ነው ጉድ የሠራን። አሁን ጠዋት ለትንሽ ጊዜ አበራውና አጠፋዋለሁ፤ ውሃው እንደሆነ እንደ ድሮው ይፋጃል። አባዬ፣ እወድሃለሁ፣ ግን በዚህኛው ተሸንፈሃል።

ልብስ ሰፊዋን «የትም አትሄጂም» ብዬ ለመንኳት። እሷ ግን ከሥራ ዕቃዋ በቀር ሌላውን ሁሉ አስራ ተቀምጣለች። «ውጪ ያሉኝ አባትሽ ናቸው፤ ቅሪ የሚሉኝም እሳቸው ይሁኑ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ቆጣሪ መቀየር እችላለሁ፤ የአንተን ቃል ግን አንተ ብቻ ነህ የምትመልሰው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ደውልላት። ይቅርታ ማለት እንደሚተናነቅህ አውቃለሁ። አይዞህ፣ «ስመጣ ሱሪዬን ታሳጥሪልኛለሽ» በላት። ይገባታል።

ሳታስፈቅድህ የምትወድህ ልጅህ