የእናትህ ማሽንና የማክሰኞው ኮከብ

ይድረስ ለልጄ፤ ምድርን በውኃ ላይ ያጸና አምላክ ባለህበት ይጠብቅህ። እኛ ስሙ ይመስገን ደህና ነን። እናትህም ደህና ናት፤ እህል ግን ብዙም አይገባላትም።

ይህን የምጽፍልህ ተቆጥቼ ነው። ከቤታችን ጀርባ ያለው፣ ከኮከብ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ቀን ከሌት የሚቀበለው ትልቅ ዲሽና አንተ የምትሠራበት ዲሽ አንዱን ኮከብ በአንድ ጊዜ እንደሚያዳምጡ፣ ሁለቱን መዝገብ አስተያይታችሁም በመካከላችን ያለው ምድር በጥፍር ውፍረት ቢራራቅ እንደምታውቁ ነግረኸናል። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ቴክኒሻኑ መጣና፣ «አባባ፣ የእማማ የኦክስጅን ማሽን ዲሹን እየረበሸው ነው። ለአንድ ሰዓት ብቻ ያጥፉልን» አለኝ።

«ኮከቡ ከአዳም በፊት ጀምሮ ቆሟል፤ እስከ ነገ ቢቆይ እግሩ አይዝልም» ብዬ መለስሁት።

ወደ መኝታ ቤት ብገባ ግን እናትህ ሰምታን ኖሮ ራሷ አጥፍታዋለች። ከንፈሯ ጠቁሮ፣ «ተው አትንካው፤ ልጄ እያዳመጠ ነው» አለችኝ። እኔም መልሼ አበራሁት።

የጥፍር ውፍረት የማይሰወርህ ሰው፣ ይህን ደጃፍ ካየህ ሦስት ዓመት አለፈህ። በማክሰኞው መዝገብ ላይ ጩኸት ብታገኝ የእናትህ እስትንፋስ ነውና አትፋቀው።

እርሷ፣ «ና ብለህ ሥራውን እንዳታስፈታብኝ» ብላኛለች። እኔ እንዲያ አላልሁም።

በመካከላችን ያለውን ምድር የሚያውቅ ጌታ ሳይመሽብን ያገናኘን።

አባትህ