ከዘፈኑ በኋላ

…ዘፈኑ አለቀ ብለን ቴፑን ልናጠፋው ስንል የአንቺ ማስነጠስ መጣ፣ ቀጥሎ ሳቅሽ፣ ቀጥሎ የወንድማችን ድምፅ፣ «ዝም በሉ፣ እየቀዳሁ ነው» ሲል። ትዝ ይልሻል እትዬ? ሦስት ቀን አኮረፍሽው። እሱ ግን ያቺን ጨዋታ ወደዳት፤ ከዚያ ወዲህ ከዘፈን ኋላ ያልደበቀው ነገር የለም።

ሰላምታው መቅደም ነበረበት፤ ይቅር በይኝ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ መስመር ላይ እስክደርስ ድረስ ደህና ነኝ።

ትናንት ጠዋት አንድ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው ሱቄ መጣ። ጥፍሮቹ በጣም ንጹሕ ናቸው። የክብሪት ሣጥን የምታክል የሙዚቃ ማጫወቻ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና «የወንድሜ ናት» አለኝ። አርባ ሁለት ዘፈን አለባት፤ የአንዱም መጨረሻ አይሰማም፤ ሊያልቅ ሲል ይቆረጥና ወደሚቀጥለው ይዘላል። አስተካክለሽ ለነገ ስድስት ሰዓት አድርሺልኝ፣ ቅጂ ግን አንድም እንዳታስቀሪ አለኝ። «እናንተ ጥገና ቤቶች የሰው ነገር መስማት ትወዳላችሁ አይደል?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁለት። ደንበኛ ነው፣ ምን ላድርግ?

ችግሩ ወዲያው ገባኝ። እያንዳንዱ ፋይል ራሱ ላይ ርዝመቱ ተጽፏል። ማጫወቻ ደግሞ የዋህ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ነኝ ካሉት ሦስት ደቂቃ ላይ ያቆማል፣ ከዚያ ወዲያ ምን አለ ብሎ አይጠይቅም። አርባ ሁለቱም ከርዝመታቸው ቀንሰው የሚዋሹ ነበሩ። ውሸቱን የሚያርም ፕሮግራም አለኝ፤ ሁሉንም ባንድ ላይ አርሜ መልሼ ጫንኳቸው። አሠራሬን ታውቂዋለሽ፤ መጀመሪያ ቅጂ፣ ከዚያ ጥገና። ትናንት ግን አደራ ተብዬ ቅጂውን ተውኩት። ከዚያ እንደ ልማዴ ሦስቱን እስከ መጨረሻ ልሰማ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ደህና። ሁለተኛው አለቀ። ዝምታ ሆነ። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

እትዬ፣ ያንን ጉሮሮ አጠራረግ በሺህ ሰው መካከል እለየዋለሁ። ወንድማችን ወጥቶ ከቀረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ግን ትናንት የተለየን ይመስላል። «ይህን ከሰማሽ አስተካክለሽዋል ማለት ነው» ይላል። ማጫወቻዋን የሚያመጣልሽ አንድ የማምነው አናጢ ነው፣ ሌላ ሰው ካመጣት ግን እንዳትነኪያት ይላል።

እንዳትነኪያት የሚለውን የሰማሁት ነክቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ያለበትን ቤት እየከፋፈለ ነው የተናገረው፤ መንገዱን በአንዱ ዘፈን ጀርባ፣ ደረጃውን በሌላው፣ እንዴት እንደሚንኳኳ በሦስተኛው። አሁን ማንም ሰው ማጫወቻዋን ከፍቶ ቢተኛ እንኳ እየነገረችው ታድራለች። ስለዚህ ከንጋት ጀምሮ የዘፈኖቹን ጅራት እየቆረጥኩ ነው። ፕሮግራሙ ዘፈን የት አልቆ ሰው የት እንደሚጀምር አያውቅም፤ እያንዳንዱን በጆሮዬ ሰምቼ በእጄ ነው። አንዳንዱ ዝምታ ብቻ ነው። አንዱ ላይ ያስላል፤ ሳሉ አላማረኝም። አንዱ ላይ ስለ አንቺ ማስነጠስ አንስቶ ይስቃል። እሱንም ቆረጥኩት። ቅጂ አላስቀረሁም፤ ሱቄን ቢፈትሹስ? ሠላሳ አንዱን ጨርሻለሁ። የቀሩት ምን እንደሚሉ አላውቅም።

የቤቱን ስም አልጽፍም። ልጅ ሆነሽ ክንድሽ የተሰበረበት ደረጃ ያለበት ነው። ደብዳቤው እንደደረሰሽ ሂጂና ከዚያ አስወጪው፣ ጫማ እንኳ ሳትቀይሪ። አንቺ ክፈት ካላልሽው አይከፍትም፤ ግትርነቱን ታውቂዋለሽ።

ደብዳቤውን ይዛልሽ የምትመጣው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ናት። መቀስና ክር በምንቀባበልባት በሱቄ ጀርባ ባለችው መስኮት አንገቷን አስግጋ «ለየትኛው ፍቅረኛሽ ነው ይህን ያህል የምትጽፊው፣ አውቶቡሱ እኮ የሚጠብቀኝ ባሌ አይደለም» ትለኛለች። በአምስት ተኩል ይነሳል። ሰውየው በስድስት ይመጣል።

መንገዱን ያቅናልሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ። የእሱንም በር የሚያንኳኳው እጅ የአንቺ ይሁን።

ታናሽ እህትሽ

ከፈረምኩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰውየው ትናንት ሲወጣ «በርቺ ሚጢጢ» አለኝ። እዚህ ሚጢጢ ብሎ የሚጠራኝ የለም፤ ከቤታችን ውጭ ማንም አያውቀውም። ያኔ ለምን ሳልደነግጥ እንደቀረሁ እንጃ፤ ሥራው ላይ ነበርኩ መሰለኝ።

ገና አምስት ሰዓት አልሆነም። ልብስ ሰፊዋ እጇን በመስኮቱ ዘርግታ አምጪ ትለኛለች። ጓዳዬን ከሱቁ ከሚለየው መጋረጃ ወዲያ የጫማ ድምፅ አለ፣ ቀስ ያለ። ክፍት ትቼው የነበረው የሱቁ በር ከውስጥ ተዘጋ።