እህትህ አይደለሁም

ውድ አንዷለም፣

ዓሚ ጣሂር «እህትህ እኔ ሱቅ ብትቀጠር ምን ትላለህ?» ብሎ ሲጠይቅህ አጠገብህ ተቀምጬ ነበር። የደንበኛ የዓሣ ማጥመጃ ክር መጠቅለያ ፈታትቼ፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ሞላ በወረንጦ ይዤ። ወደኔ ዞር እንኳ ሳትል በዐረብኛ «ላ ያ ዓሚ፣ እሷ አገር ቤት ገብታ ልታገባ ነው» አልከው። ሞላዋ ከወረንጦዬ አምልጣ ጠረጴዛው ሥር ገባች። በጉልበቴ ተንበርክኬ ስፈልጋት እናንተ ወሬ ቀይራችሁ ስለ ደማም መንገድ ታወሩ ነበር።

ጋሽ መንግሥቱ ትናንት ከመንሱራ ሰፈር ድረስ መጥተው ያመጡልኝን መልእክትህን ሰማሁ። «በአንዲት ቃል ምክንያት የታሰበ ትዳር አይፈርስም» አሉኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ አልተከራከርኳቸውም። መልሱን ላንተ ልጻፈው ብዬ ነው።

ቃሏ ግን ቀላል አይደለችም። የተዋወቅን ቀን ማንም ሐበሻ ማንንም እንደሚጠራው «እህቴ» አልከኝ፤ እኔም «ወንድሜ» አልኩህ። እስክንዋደድ ድረስ እንዲሁ ነበርን። ከዚያ ዲራ ገበያ ወደ ዓሚ ጣሂር የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ወስደህ ስታስተዋውቀኝ ቃሏን በዐረብኛ ደገምካት፤ «ኡኽቲ» አልክ። እሱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ብሎ ያዘው። አሠሪዬ አቡ ፈሃድም ከሱ ሰምቶ አመነና አርብ አርብ ለጥገና ሱቅ እንድሄድ ፈቀደልኝ። እኔም አላረምኩትም፤ መኪናህ ውስጥ ስቀመጥ ማንም ቀና ብሎ እንዳያየኝ መጠለያ መስሎኝ ነበር። ለካ እዚህ አገር ወንድም ማለት ስለ እህቱ የሚጠየቅ ሰው ነው።

ያን ሥራ እንዴት እንደለመድኩት ከማንም በላይ አንተ ታውቃለህ። ነሲም ሰፈር አቡ ፈሃድ ቤት ለሥራ የገባሁ ሰሞን እሱ ከባሕር ተመልሶ ወደ ግቢው እየጠቆመ «ማኪናውን እጠቢ» አለኝ። እኔ የማውቀው መኪና አንድ ነው። ጂፑን ከጣሪያው እስከ ጎማው በሳሙና አሽቼ፣ የወለሉን ምንጣፍ ሁሉ አውጥቼ አጠብኩለት። ወጥቶ ሲያየኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ ልጆቹን ጠርቶ አብረው ሳቁ። ከዚያ በጨው የነጣውን የጃፓን ክር መጠቅለያ ከማጥመጃው ዘንግ ፈትቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠና «ማኪና ይሄ ነው» አለኝ። ይህን ስነግርህ አንተም መሪውን ለቀህ ልትስቅ ነበር።

እኔ ግን አልሳቅኩም። መካኒካል ምህንድስና ተመርቄ ሳህን ሳጥብ ከርሜ፣ መዳፌ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀው ነገር ተቀመጠ። ጥርሶቹ እርስ በርስ ሲነካከሱ ድምፅ የላቸውም ነበር። ጃፓንኛውን መመሪያ በስልኬ ካሜራ እየተረጎምኩ አነበብኩት። ከመታጠቡ በፊት ክሩን የሚገታው ፍሬን መጥበቅ እንዳለበት፣ አለበለዚያ ውኃ ወደ ውስጥ እንደሚገባ፤ ሲደርቅ ደግሞ መላላት እንዳለበት፤ ዘይት የት ጠብ እንደሚደረግ፣ የት እንደማይነካ። «ፍሬን» የሚለውን ስም ያወጣህለት አንተ ነህ፣ ሾፌር አይደለህ። ስሙን ወደድኩት፤ እስካሁንም ሌላ ስም የለኝም።

ከደማም አልፈን ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሄድንበትንም አርብ አልረሳሁትም። ዓሚ ጣሂር የጠገንኩትን ማኪና ራሴ እንድሞክረው ዘንጉን ሰጠኝ። ወረወርኩ። ክሩ ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ከዚያ ድንገት ሲከብድ፣ ፍሬኑ እንደ ፌንጣ ሲጮህ በክንዴ ሁሉ ተሰማኝ። ከሪያድ የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነበር፤ ባሕር ያየሁትም። አንተ ሮጠህ መጥተህ «ስጪኝ፣ ይጥልሻል» ብለህ ከእጄ ወሰድከው። ዓሣውን አንተ አወጣኸው፣ ፎቶውም ያንተ ነው። እኔ ፎቶውን አነሳሁ። ደስ ብሎህ ስለነበር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም።

ስለ አገር ቤትና ስለ ማግባት የመለስክለት ቀን ሱቅ ውስጥ ዝም ያልኩት ምክንያቱን ከአፍህ መስማት ፈልጌ ነው። ወደ ነሲም ስትመልሰኝ ጠየቅኩህ። «አትቆጪ እህቴ» አልከኝ፤ ሁለታችን ብቻ በነበርንበት መኪና ውስጥ። «ቦታውን ለኔ ሰጥቶኛል። አንቺ ብትሠሪው፣ እኔ ብሠራው ምን ለየው? ገንዘቡ ያው አንድ ቤት አይደል የሚገባው?»

«ሥራውን ትችለዋለህ?» አልኩህ።

«አንቺ አለሽልኝ አይደል» ብለህ መብራቱን አለፍክ።

ከዚያ ወዲያ የድምፅ መልእክትህ ማቆሚያ አጣ። ይቺ ቀጭን ቀለበት በየትኛው ፊቷ ነው የምትገባው? ፍሬኑን ላጥብቀው ወይስ ላላላው? እኔ በአንድ እጄ ድስት እየፈተግኩ በሌላው ስልኩን ይዤ እመልስልህ ነበር። ፍቅርም ነው፣ ጅልነትም ነው፤ እዚህ ላይ አልለያቸውም።

ያስቆመኝ አቡ ፈሃድ ነው። አንድ ቀን ሻይ ሳቀርብለት ከሱቁ ያመጣውን ማኪናውን እያዞረ «ወንድምሽ እጁ ወርቅ ነው» አለኝ። «ጃፓንኛ ሁሉ ያነባል አሉ። ከሱ ብትማሪ ምናለ?» ያ ማኪና ደረጃ በደረጃ በድምፅ ያስጠገንኩህ ነበር። ትሪውን አስቀመጥኩ። እዚያው «ወንድሜ አይደለም» ልለው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት፤ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ዓሚ ጣሂር ነው አልኩ።

በማግስቱ አርብ በታክሲ ብቻዬን ዲራ ሄድኩ። አንተ ዕቃ ልታመጣ አየር ማረፊያ ነበርክ።

«ዓሚ ጣሂር፣ አንዷለም ወንድሜ አይደለም» አልኩት።

መቁጠሪያው ጣቶቹ መሐል ቆመ። «ታዲያ ምንሽ ነው?»

«ልንጋባ ነበር። አሁን ምኔም አይደለም።»

እንዲያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። በሱቁ፣ በመኪናው፣ በማዕዱ ያመነን መሆኑን፣ አቡ ፈሃድ ፊት በምን ዓይኑ እንደሚቆም እየደጋገመ ተናገረ። እውነቱን ነበር። ወረንጦዬንና ትናንሽ መፍቻዎቼን በጨርቅ ጠቀለልኩ። ከመውጣቴ በፊት «አንዷለም የሠራው የምትለውን ሁሉ የሠራሁት ወይ ያሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከፈለግህ ጠይቀኝ» አልኩት። አልጠየቀኝም። «ኸላስ፣ በቃ፣ ሂጂ» አለኝ።

ቤት እንደደረስኩ ለአቡ ፈሃድ ራሴ ነገርኩት። በዚያ ሰዓት ሻንጣዬን በልቤ ሸክፌ ነበር፤ ተርሒል፣ ከአገር መባረር፣ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፣ ማለዳ ኤርፖርት የሚያስቆም ነገር ነው። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ «ሌላ ያልነገርሽኝ ነገር አለ?» አለኝ። የለም አልኩ። «እንግዲያው ራቱን አቅርቢ» አለ። አቀረብኩ።

ቀናት አልፈው ዓሚ ጣሂር በራሴ ስልክ ደወለ። እስከዚያ ድረስ የሚጠራኝ «ኡኽት አንዱ» እያለ ነበር፣ የአንዱ እህት።

«ስምሽ ማነው?» አለኝ።

«ሃይማኖት።»

ለዐረብ ምላስ ከባድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሞከረው። ያንተን ሥራ ፈትሾ እንዳየ፣ ያለ እኔ ድምፅ የጠገንካቸው ሁሉ ውኃ ገብቷቸው እንደተመለሱ አልደበቀኝም። «ያ ሃይማኖት፣ እዚህ መሥራት ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

«እፈልጋለሁ። ግን ደንበኛ ስለ ሥራዬ ሲጠይቅ የምመልሰው እኔ ነኝ።»

«ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ። ግን ዓሚ፣ አዎ ነው ወይስ አይደለም?»

ሳቀ። «አዎ ነው» አለ።

ከፈላው፣ የአሠሪ ዋስትናዬ፣ ወደ ዓሚ ጣሂር እንዲዛወር አቡ ፈሃድ ተስማምቷል። ያልቅ እንደሆነ አላውቅም፤ ወረቀት ነው። ባያልቅም ሌላ በር አንኳኳለሁ።

አሁን ወደ መልእክትህ ልምጣ። ሱቁን ለቀህ ጅዳ ከሄድክ ወዲህ እንዳሰብክበት፣ ባሕሩ እዚያው ደጃፍህ እንደሆነ፣ ተጋብተን የራሳችንን መጠገኛ ብንከፍት ጥሩ እንደሚሆን ጋሽ መንግሥቱ በደንብ አስረዱኝ። እንደ ትልቅ ነገር አድርገው መጨረሻ ላይ ያስቀመጧትን ያንተን ቃል ልድገምልህ፤ «እሷ ትሥራ፣ እኔ ላውራላት።»

አንዷለም፣ ወድጄሃለሁ። ሰው ሲያስቅ ደስ የሚለው ልብህን፣ ረጅም መንገድ ላይ የምታንጎራጉረውን ወድጄዋለሁ። አልጠላህም፤ ማንም ጋ ስምህን አላጠፋም። ጥሩ ሥራ ይግጠምህ።

ግን አፍ አለኝ። ዐረብኛው የተሰበረ ቢሆንም የኔ ነው። ፊቴ ተቀምጦ ስለ እኔ ሌላውን የሚጠይቅ ሰው ከእንግዲህ አልታገሥም፤ ተጠይቆም በእኔ ፈንታ የሚመልስ ሰው፣ ወንድም ነኝ ቢል፣ ባል ነኝ ቢል፣ አልቀበልም።

ሃይማኖት
ነሲም፣ ሪያድ