የረግረጉ ውሃ ወዴት ይሄዳል?

ውድ አባዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። በየት በኩል እንደሚደርስህ ግን አላውቅም፤ አንተ ብትሆን መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነበር። ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነን።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን መሳለሟን አልተወችም። የኋላውን ክፍል ለሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አከራየነው። ግድግዳው ላይ የለጠፍከውን ካርታ እንዳይነኩ አስጠንቅቄያቸው ነበር። አንድ ቀን ግን አንደኛዋ ጣቷን ካርታው ላይ አድርጋ የተከዜን መሄጃ ስትከተል አገኘኋትና ሳልከለክላት ወጣሁ። እኔም እዚያው ሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ነኝ።

የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና አባዬ፣ ስለ ረግረጉ ተሳስተህ ነበር። እንዴት እንደታወቀ ልንገርህ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ በደባርቅ መንገድ ከሚኒባስ ወርደን የምንሄድበትን የእግር መንገድ መቼም አትረሳውም። በግራም በቀኝም የቀጋና የአጋም አጥር፣ መሐሉ ለአንድ አህያ ብቻ የሚበቃ። እኔ አጋም ስለቅም አፌ ይጠቁራል፤ አንተ በየአሥር እርምጃው ትቆማለህ። መሬቱ ሜዳ ሆኖ ሳለ አጥሩ ለምን እዚህ ጋ ተጠማዘዘ ብለህ አንድ ክረምት ሙሉ ሰው ስትጠይቅ ከረምክ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ድሮ እዚያ ቦታ ላይ ትልቅ ወይራ ወድቆ እንደነበር፣ ሰዉም እሱን ዞሮ እንዳጠረ፣ ግንዱ በስብሶ ሲያልቅ ጥምዙ ብቻ እንደቀረ ነገሩህ። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር እንደዚያ በደስታ ሲዘል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ገበሬዎቹማ ከሩቅ ሲያዩህ «መምህር መጡ፤ ዛሬ ደግሞ ምን ሊጠይቁን ይሆን?» እየተባባሉ ይስቁ ነበር።

አጥሩ ሲያልቅ የአያ ደርሶ ረግረግ አለ። ሦስት ጅረት ይገባበታል፤ የሚወጣ ግን የለም። ውሃው ወዴት ይሄዳል? ሁለት ዓመት ዞርክበት። ከገደሉ ሥር፣ ወደ ወንዙ ሸለቆ ሲወረድ ያለውን ምንጭ ከረግረጉ ውሃ ጋር አስተያየህ። የረግረጉ ሙቅና ቢጫ፣ የምንጩ ቀዝቃዛና ጥርት ያለ። አያ ደርሶ ረግረጉን አድርቀው ለታናሽ ልጃቸው የእርሻ መሬት ሊያወጡለት አስበው ነበርና «ምንጩን ይጎዳብን ይሆን?» ብለው ጠየቁህ። አንተም እጃቸውን ጨብጠህ «አይጎዳም፤ አይገናኙም» አልካቸው። ከዚያ ታመምክ። መንገዱም አስጊ ሆነና እኛም ቀረን፤ ረግረጉን የሚያደርቀው የቦይ ቁፋሮም ቆየ።

ዘንድሮ በገና ዋዜማ መንገዱ ሰላም ሆኗል ሲሉኝ ሄድኩ። አያ ደርሶ ለቅሶህን የደረሱት በእግራቸው ነውና ሳልጠይቃቸው መቅረቴ ሲከነክነኝ ነበር። በደስታ ተቀበሉኝ። «ከጥምቀት በኋላ ቦዩን እንቆፍራለን፤ አባትሽ ፈቅደውልኛል» አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ውሃ ጠምቶኝ ወደ ምንጩ ወረድኩ። እዚያ እትዬ ትጓደድ የሚባሉ አሮጊት ጀሪካናቸውን ሞልተው ተቀምጠዋል። ልጠጣ ጎንበስ ስል «ተይው ልጄ፣ እስኪጠልል ጠብቂ» አሉኝ። አየሁት፤ ደፍርሷል።

«ምነው? ምን ሆኖ ነው?» አልኳቸው።

«ዋዜማ አይደል? ምንጫችን በዓል ያውቃል። ለገናም ለፋሲካም እንዲህ ይደፈርሳል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ እንጃ፣ እናቴም እንዲሁ ትል ነበር።»

አጠገባቸው ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ሳቁ፤ አንዷ መልአክ ይታጠብበታል አለች። አባዬ፣ ያን ሁሉ ዓመት አንተ የጠየቅከው ወንዶቹን ነበር። እኔም ቦርሳህን ይዤ አጠገብህ እቆማለሁ። ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች ግን አንድም ቀን ቁጭ ብለን አልጠየቅናቸውም።

ዳገቱን ወጥቼ ረግረጉ ጋ ስደርስ ልጃገረዶች ለበዓል የሚሸጡትን ቄጠማ አጭደው፣ በጀርባቸው ተሸክመው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ሲወጡ አየሁ። ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ነው የዋሉት። ምንጩን በየበዓሉ የሚያደፈርሰው ይኼ ይሆን እንዴ አልኩ።

ለሁለት ሳምንት ለማንም አልተናገርኩም። እኔ መድኃኒት ቆጥሬ የምሰጥ ሰው ነኝ፤ ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ምን አውቃለሁ? ደግሞ በሚያከብሩህ ሰዎች ፊት ተሳስቷል ብዬ መናገር ዳግመኛ የመቅበርህ ያህል ከበደኝ። ብተወው ደግሞ ከገደሉ በታች ያለው ሰፈር ሁሉ የሚጠጣው ከዚያች ምንጭ ነው።

ጥምቀት እንዳለፈ ሄጄ ለአያ ደርሶ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «ምነው ልጄ፣ የእሳቸውን ቃል አንቺ ታፈርሺዋለሽ?» አሉኝ። አላውቅም፣ እስቲ አብረን እንየው ብዬ ለመንኳቸው። በመጨረሻ እሺ አሉ። በዓል ባልሆነ አንድ ቅዳሜ በሬዎቻቸውን ቄጠማው ውስጥ ነድተው ረግረጉን ሊያስረግጡ፣ እኔ ምንጩ ጋ ልጠብቅ ተስማማን።

በሬዎቹ ረግረጉ ውስጥ ከገቡበት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሬ ከእትዬ ትጓደድ ጎን ተቀመጥኩ። በብርጭቆ እየቀዳሁ ወደ ፀሐይ አነሣዋለሁ። ጥርት ያለ ነው። ሴቶቹ እየመጡ እየቀዱ ሄዱ፤ «ዛሬም ጠበል ትጠብቂያለሽ?» እያሉ ቀለዱብኝ። ቀትር ሆነ፤ ያው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልቤ በስውር መደሰት ጀመረ፤ አባዬ ልክ ነበር፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ አንተ ልክ እንድትሆን ጸለይኩ።

ዐሥር ሰዓት ሲቃረብ ብርጭቆው ሥር ጥቁር ደቃቅ ነገር ዘቀጠ። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ራሱ ደፈረሰ፤ አሸተትኩት፣ ረግረጉን ረግረጉን ይላል። እትዬ ትጓደድ ብድግ ብለው «ዛሬ የምን በዓል ነው እናንተ!» ብለው ጮኹ።

አያ ደርሶ ወረዱ። በእፍኛቸው ቀድተው ቀመሱ፣ ተፉት፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ቦዩ ቀርቷል» አሉ። ቀጥለው ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ «እንግዲህ ለልጄ ምን ልስጠው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ባሰብኳቸው ቁጥር ያ ጥያቄ አብሮ ይመጣብኛል።

ስነሣ «መምህር ቢኖሩ ይቆጡን ነበር?» አሉኝ።

«አይ፣ ለመድረስ ስንት ሰዓት ፈጀ ብሎ ነበር የሚጠይቀው» አልኳቸው። ሳቁ፤ ሳቁና በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ስምንት ሰዓት ፈጀ አባዬ። በእግር ግማሽ ሰዓት የማይሞላውን ቁልቁለት ውሃው ስምንት ሰዓት ይሄድበታል። መሬት ውስጥ ምን ሲያደርግ ይቆያል? ከዐለት ወደ ዐለት ይንጠባጠባል? ወይስ እዚያ ሥር እኛ የማናውቀው ኩሬ አለ? ያ ሙቅና ቢጫ ውሃስ እንዴት ቀዝቅዞና ጠርቶ ይወጣል? እትዬ ትጓደድን ብጠይቃቸው «ሱባኤ ይገባል» አሉኝ። እኔ ገና አላወቅኩም።

በሙት ዓመትህ ዕለት የመጣው ሰው ሁሉ ስለ ዕውቀትህ ሲያወራ ዋለ። ደስ ብሎኝ ሰማሁ፤ ግን የሚያወሩለት ሰው ትንሽ ትንሽ እያለ የማላውቀው ሰው ሆነብኝ። ስለዚህ ይህን ቃል እገባልሃለሁ፤ እኔ በምኖርበት ዘመን ሁሉ የማስታውስህ የአያ ደርሶን እጅ ጨብጠህ የተሳሳትክባትን ቀን ጨምሬ ነው። እሷን ካስቀረሁ የቀረው አባቴን አይመስለኝም።

ልጅህ ማኅደር