መስመሩ በማዕከሉ አያልፍም

ኢንጂነሩ ወንድሜ፣

ተኝተህ ስለነበር ሳልቀሰቅስህ ወደ መግቢያ ፈተናው ወጥቻለሁ። ውሃ ከስድስት ሰዓት በኋላ ስለሚጠፋ ባልዲዎቹን ሙላ።

ትናንት ሦስት ቀን የታገልኳትን የክብ ጥያቄ ከእጄ ነጥቀህ በሁለት መስመር ጨረስካት። "ሁለት ጊዜ የወደቀችው እንዲህ ባለው ቀላል ነገር ነው" ብለህ ጓደኞችህን አሳቅህብኝ። ማን ለመነህ?

ልብስ እየሰፋሁ እንዳስተማርኩህ ግን አልነገርካቸውም።

ጠዋት መልስህን አየሁት። መስመሩ በክቡ ማዕከል ያልፋል ብለህ አንግሉን ዘጠና ዲግሪ አድርገኸዋል። በማዕከሉ ያልፋል የሚል ቃል ጥያቄው ላይ የለም። ሥዕሉን አይተህ ገመትክ። እኔ ከማዕከሉ ወደ ሁለቱ ጫፎች መስመር አሰመርኩና ሰማንያ ወጣልኝ። ከመልስ መስጫው ጋር አመሳከርኩት፤ ልክ ነኝ።

ትናንት በንዴት ደብተርህን በመቅደዴ ደግ አልሠራሁም። በፕላስተር አያይዤዋለሁ፤ አንዷን ገጽ ግን አጣኋት።

ማታ ስመለስ "ፈተናው እንዴት ነበር?" ብለህ እንዳትጠይቀኝ። እነዚያን ጓደኞችህን ጥራና ሰማንያ መሆኑን ንገራቸው።

እኔ ባለሁበት።

እህትህ