ጥፋቴን አምኜ

መጋቢት 3 ቀን 1961
ለባለጉዳዮች አራት ማመልከቻ ጻፍኩ። ሁሉም የድንበር ጭቅጭቅ። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ጃንጥላዬም ተቀዷል።

ከሰዓት ጎረቤቴ ጀላል መጣ። ልብስ ሰፊው። ፖሊሶች ተማሪዎች የበተኑትን ወረቀት ፍለጋ ኮልፌን ቤት ለቤት እየበረበሩ ነው አለኝ። "ጋሽ መኳንንት፣ ዝም ብለው መግባት ይችላሉ እንዴ?" ነጋሪት ጋዜጣዬን አውጥቼ አነበብኩለት። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የማንም ቤት አይበረበርም! "ትእዛዝ አሳዩኝ በላቸው" አልኩት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ... አዋቂ መባል እወዳለሁ፣ ምን ልደብቅ።

መጋቢት 9
ጀላል ታሰረ። በራፉ ላይ ቆሞ "ትእዛዝ አሳዩኝ" አላቸው። በጥፊ አጋደሙት። ቤቱን ገለባበጡት፣ ምንም የለም። "ፖሊስ ከልክለሃል" ብለው ወሰዱት። ማን አስተማረህ ሲሉት "ማንም" አለ።

እኔስ የት ነበርኩ? መስኮቴ ጋ። ሁሉንም አየሁ።

መጋቢት 10
ሚስቱ ዘይነባ በጠዋት መጣች። "ጋሼ፣ ያንን ሕግ ጽፈው ይስጡኝ። ዳኛው ይዩት።" ጻፍኩላት። እስር ቤት ወስዳ ጀላልን በጣቱ አስፈረመችው። ሁለቱም ማንበብ አይችሉም።

መጋቢት 17
ምን ጉድ ሠራሁ? ዳኛው ማመልከቻውን ጮክ ብለው አነበቡት። "እኔ ሎሌዎ ጀላል፣ ጥፋቴን አምኜ፣ ከእግርዎ ሥር ወድቄ ምሕረት እለምናለሁ..."

"ካመነማ ምስክር ምን ያደርጋል?" አሉ። ሦስት ወር።

ሃያ ዓመት ሙሉ ማመልከቻ የምጀምረው እንዲህ ነው። መሬቱን የተቀማውም፣ የተደበደበውም ጥፋቱን ያምናል፣ ይወድቃል፣ ይለምናል። ካልለመነ ማን ያነብለታል?

ሕጉስ? አልጻፍኩትም። የእጅ ልማድ ነው ብዬ ለዘይነባ ማልኩላት። ውሸቴን ነው። አንቀጹ ጋ ስደርስ ፈራሁ። የእጅ ጽሑፌን ፍርድ ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ እየተባልኩ ያደግኩ ሰው... አፈርኩ በራሴ።

መጋቢት 21
ዘይነባ ሰላምታዬን አትመልስም።

ሚያዝያ 4
ዛሬ ፖሊሶቹ እኔ ቤት መጡ። ሦስት ናቸው። በእጃቸው ከዱላ በቀር ምንም የለም። ሳያንኳኩ ከፈትኩ። "ግቡ፣ ጌቶቼ።" ሣጥኑን ራሴ ከፈትኩላቸው፣ ፍራሹን ራሴ ገለበጥኩ። ዘይነባ ከአጥሩ ማዶ ልብስ እያሰጣች ታየኛለች።

አንዱ ነጋሪት ጋዜጣውን ዘቅዝቆ ያዘ። "ይሄ ምንድነው?"

"የስኳር መጠቅለያ ነው፣ ጌታዬ።"

ደጅ ላይ ወርውሮት ጓደኞቹን ይዞ ሄደ። ጎንበስ ብዬ ሳነሳው የዘይነባን ድምፅ ሰማሁ። ከፍርዱ ቀን ወዲህ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው።

"ጋሼ፣ ለጀላል ስኳር ልወስድለት ነበር። መጠቅለያውን ይስጡኛ።"

በአጥሩ ላይ አሻግሬ ሰጠኋት።